ማኪያቶ የመሰለች ካንዴላ

በ1994 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ መተሐራ ከተማ ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ፣ የበሰቃ ሐይቅ አስፋልቱን እየገፋ በመጣበት ሜዳ ላይ የመኪናዬ ሞተር ሞተ። «ጠፋ» ማለቴ አይደለም፤ የጠፋ ሞተር ተገፍቶም ቢሆን ይነሳል። ይሄኛው መጀመሪያ ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ተንኳኳ፣ ቀጥሎ ጉልበት አጣ፣ በመጨረሻ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ለቀቀና እየተንቀጠቀጠ ቆመ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ድሬዳዋ ላይ በዘጠኝ ሰዓት ትቀበራለች። መርዶው የደረሰኝ ማታ ነው፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ስነሳ «በዚህች መኪና እንኳን ድሬዳዋ ጅቡቲም በጊዜ እደርሳለሁ» ብዬ ነበር።

መኪናዋ ሳብ 99 ቱርቦ ነበረች። አንድ ስዊድናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጧት፣ ሁለት ሰው እጅ ገብታ፣ በሦስተኛው እኔ ጋ ደረሰች። ጓደኞቼ «ምናለ እንደ ሰው ኮሮላ ብትገዛ?» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ሶማሌ ተራ ወርጄ «ሳብ አለህ?» ብዬ ስጠይቀው «ምኑን ልሳብልህ?» ብሎ የመለሰልኝ ባለ መለዋወጫ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ግን ነዳጅ መስጫዋን ረገጥ ሲያደርጓት ትንሽ ታስብና፣ ከዚያ ሰው ከኋላ እንደገፋት ስትወረወር፣ ኮሮላ ትዝም አይልም። እኔም የቱርቦ ነገር አማለለኝና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁሉ እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርኩ። ለሞተሯ መሞት የዳረገኝም አንዱ ይኸው ንባብ ነው።

ከሞተሩ በፊት ከአየሩ ልጀምር። አንድ ሊትር ቤንዚን በወጉ እንዲነድ ባሕር ወለል ላይ ካለው አየር ዘጠኝ ሺህ ሊትር ገደማ ይፈልጋል። በክብደት ካሰላነው ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ማለት ነው። እኛ በማደያ የምንከፍለው ለቤንዚኑ ስለሆነ መኪና የሚበላው ቤንዚን ብቻ ይመስለናል እንጂ፣ መቼም አብዛኛው ቀለቡ አየር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ አየር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋብሪካው መቶ ፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈበት ተራ ሞተር እዚህ ሲደርስ ሩቡን ያህል ጉምሩክ ላይ እንደተወ ቁጠሩት። ሯጮቻችን በዚህ አየር ይጠነክራሉ፤ ሞተር ግን ልምምድ የሚባል ነገር አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1905 አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ አንድ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የታዘበው ነገር ማንም ሊታዘበው የሚችል ነው፦ ከነዳጁ ጉልበት ሲሶ ያህሉ ሙቅ ጭስ ሆኖ በከንቱ ይወጣል። ታዲያ ያ ጭስ በመውጫው ላይ መዘውር ቢያዞር፣ መዘውሩም በዘንግ የተያያዘውን ሌላ መዘውር አዙሮ ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ቢመልስስ? ከአቦል በኋላ በዚያው ቡና በረካ እንደሚወጣው ማለት ነው። ሐሳቡ ሥራ ላይ እስኪውል ግን ሃያ ዓመት ፈጀ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሁለት የጀርመን መርከቦች የናፍጣ ሞተራቸው በቡኺ ዘዴ ከ1,750 ወደ 2,500 ፈረስ ጉልበት ከፍ አለ።

መርከቦቹን እንለፋቸው፤ እኔን የያዘኝ የተራራው ታሪክ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ከፍ ባለ ቁጥር ሞተሩ እየደከመ አስቸገረ። በፈረንሳይ ኦጉስት ራቶ ቱርቦን በአውሮፕላን ሞተር ላይ ሞከረው፤ በአሜሪካ ደግሞ የጄኔራል ኤሌክትሪኩ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሥራውን ተቀበለ። ሞስ እ.ኤ.አ. በ1918 «ሊበርቲ» የተባለውን ባለ 12 ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ አወጣው። ተራራው 4,300 ሜትር ነው፤ ከኛ ራስ ዳሸን ጥቂት ያንሳል። ታች ሜዳው ላይ 350 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ 230 ሆኖ ቀረ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ሰውየው ተራራውን ከሞተሩ ሥር አወጣው ማለት ነው።

ይህንን ቁጥር ሳነብ የተሰማኝን አልደብቃችሁም። ቱርቦ ለደገኛ የተሠራ መስሎ ታየኝ! አውሮፓውያኑ ለሽቅድምድም አደረጉት እንጂ ለኛ ለአዲስ አበባዎቹ፣ ለደሴዎቹ፣ ለደብረ ብርሃኖቹ ነበር የታሰበው አልኩ። ኩራት ቢጤ ነው። ኩራቱ ባልከፋ፤ ጥፋቱ ሞስ አየሩን ወደ ቦታው መለሰ እንጂ ከቦታው አለማስበለጡን ልብ አለማለቴ ነበር።

አየር ማመቅ የታሪኩ ግማሽ ነው። የታመቀ አየር ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የፓምፑን ጫፍ ነክቶ ያውቀዋል። የጋለ አየርና ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ በደንብ ከተጨመቁ ካንዴላዋ እሳት ከሰጠች በኋላ እሳቱ በወጉ ተራምዶ ሳይደርስ የቀረው ድብልቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ይሄ ነው ማንኳኳት የሚባለው። መድኃኒቱ ሦስት ነው፦ ግፊቱን መቀነስ፣ ቶሎ የማይፈነዳ ቤንዚን ማግኘት፣ ወይም ቤንዚኑን አብዝቶ በትነቱ ሲሊንደሩን ማቀዝቀዝ። ስለዚህ ነው ቱርቦ ያለው ሞተር ሲረገጥ ከ14.7 ለ1 ወርዶ ወደ 12 ለ1 የሚጠጋ ወፍራም ድብልቅ የሚፈልገው። ተጨማሪው ቤንዚን ለመንደድ ሳይሆን ለማብረድ የሚገባ ነው። ስስታም ሰው ይሄ አይገባውም። እኔም አልገባኝም ነበር።

ሁለተኛው መድኃኒት ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 የጄኔራል ሞተርሱ ቶማስ ሚጅሊ ቤንዚን ውስጥ ትንሽ የእርሳስ ውሕድ ሲጨመር ማንኳኳቱ እንደሚጠፋ አገኘ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ያንን ውሕድ የሚያዘጋጁ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው እየተቃወሰ ሞቱ። ሚጅሊ ጋዜጠኞች ሰብስቦ ውሕዱን እጁ ላይ አፍስሶ፣ አሽትቶ አሳየ፤ እሱ ራሱ ከዚያ በፊት በእርሳስ ተመርዞ ታክሞ ነበር። ነገሩ ግን ቀጠለ። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ከእርሳስ ቤንዚን የተላቀቀው በ2006 መግቢያ ገደማ ነው፤ በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አልጄሪያ ያቆመችው በ2021። በመሐሉ የኛ ሜካኒኮች ያንን ቤንዚን በቱቦ በአፋቸው እየሳቡ ቀድተዋል፤ እጃቸውን በሱው ታጥበዋል።

ቱርቦ በቤት መኪና ላይ የወጣው በ1962 አሜሪካ ውስጥ ነው። ከሁለቱ ፈር ቀዳጆች አንዷ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ማንኳኳቱን የምትከላከለው ከትንሽ ገንዳ ውኃና አልኮል እየረጨች ነበር። ባለቤቶቹ ገንዳውን መሙላት ረሱ። ቤንዚን ሲያልቅ መኪና ይቆማል፤ ይሄኛው ሲያልቅ ግን መኪናዋ ግፊቷን ቀንሳ ዝም ብላ ስለምትሄድ ማን ያስታውሰው? ጥቂት ዓመት ቆይቶ ኩባንያው ቱርቦውን አውልቆ ተራ ካርቡሬተር እየገጠመ መለሰላቸው።

በ1973 መስከረም ላይ ቢኤምደብሊው 2002 ቱርቦን ፍራንክፈርት ላይ አቀረበ፤ ከፊት የሚሄደው ሾፌር በመስታወቱ አንብቦ መንገድ እንዲለቅ «ቱርቦ» የሚለው ቃል ተገልብጦ የተጻፈባት። በወሩ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሣ፣ ነዳጅ ሰማይ ነካ፣ 1,672 መኪና ብቻ ተሠርቶ ቀረ። የዚያው ነዳጅ ወላፈን እዚህም ደረሰ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን መምህራኑም አቆሙ፤ የተከተለውን ታውቁታላችሁ። ጀርመን ውስጥ አንድ መኪና የቀበረ ዋጋ እዚህ ዘውድ ለመጣል ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። መኪናዬን የሚያይልኝ ሽማግሌ ሜካኒክ ያንን ሳምንት ሲያወሩ «የሰይቼንቶ ሾፌር ሁሉ እየመጣ ካርቡሬተሬን አጥብብልኝ፣ ቤንዚን አስቀንስልኝ ይል ነበር» ይላሉ። ሞተር እያንኳኳ ዳገቱን ሲወጣ ከሩቅ ይሰማ ነበር አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ስዊድኖቹ የመጡት። ፔር ጊልብራንድ የተባለው የሳብ መሐንዲስና ባልደረቦቹ አነስ ያለች ቱርቦ መረጡ፤ ለከፍተኛ ፍጥነት ሳይሆን ለመካከለኛው፣ ሰው በየቀኑ ለሚነዳበት። ጭሱ ከልክ ሲያልፍ ከቱርቦዋ ጎን የሚያስወጣ በር አበጁ፤ በሩን የሚይዘው ሞላ ነው። ሞላው በጠበቀ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። በዚህ ዓይነት 99 ቱርቦ በ1978 ለገበያ ስትቀርብ ከሁለት ሊትር ሞተር 145 ፈረስ ጉልበት አወጣች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ማንኳኳቱን ራሱ የሚሰማ ጆሮ ሞተሩ ላይ ገጠሙ፤ ሲያንኳኳ በራሱ ጊዜ ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል። የኔዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። ጆሮ አልነበራትም። ሳብም ራሱ በ2011 ከሠረ።

ለኔዋ መኪና ጆሮዋ ጋሼ ነበሩ። ሰው ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ጋሼ ልበላቸው። ሥራውን የተማሩት ልጅ ሳሉ ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ነው፤ የአማርኛችን የሞተር ቃላት ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ እያሉ ከዚያው ነው የመጡት። ጋሼ መሣሪያ አልነበራቸውም። ሞተሩን ሲያስተካክሉ እኔን አስነድተው ወደ እንጦጦ ዳገት እንወጣለን። ዳገቱ መሐል እስከ መጨረሻው ረግጬ ሳለ «አጥፋ!» ይላሉ። በዚያው ጠፍታ ዳር ትይዛለች። ወርደው ካንዴላዋን በጨርቅ ይዘው ይፈቱና ጫፏን ወደ ፀሐይ ያዞሯታል።

«ማኪያቶ መምሰል አለባት» ይሉኛል። «ጥቁር ቡና ከሆነች ቤንዚን በዝቶባታል። ወተት ከሆነች ጠምቷታል፤ ጥማት ደግሞ ይገድላል።»

እኔ ጋ ስትደርስ ጥቁር ቡና ነበረች። ምክንያቱ አለው። በዚህች መኪና ላይ የሚገባው አየር አንዲት ክብ ሳህን ገፍቶ ያነሣል፤ ሳህኗ በተነሣችበት ልክ ቤንዚን ይለቀቃል። ኮምፒዩተር የለ፣ ምን የለ፣ እንደ ሚዛን ነው። ሳህኗ ግን የአየሩን ግፊያ እንጂ ክብደቱን በትክክል አትለካም፤ ስለዚህ በሳሳ አየር ትሳሳታለች፤ ከገባው የበለጠ የገባ ይመስላትና ቤንዚን ታበዛለች። ጋሼ ይህንን ከመጽሐፍ አላነበቡትም። በአንዲት ቀዳዳ ቀጭን ቁልፍ አስገብተው ብሎኗን በትንሽ በትንሹ፣ የፀጉር ያህል እያዞሩ ቀነሱላት። ሦስት ቀን እንጦጦ ተመላለስን። በሦስተኛው ቀን ማኪያቶ ሆነች። የቤንዚን ወጪዬም ቀነሰ።

«ይሄ ለአዲስ አበባ ነው» አሉኝ ቁልፋቸውን እየጠረጉ። «ቆላ ልትወርድ ስትል ሳትነግረኝ እንዳትሄድ።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይገዳል።

ከወራት በኋላ ያ የፓይክስ ፒክ ታሪክ ያሳበደኝ እኔ ወረቀት አውጥቼ ሒሳብ ሠራሁ። ሞላው ቱርቦዋን የሚይዘው ከውጭው አየር 0.7 ባር ያህል በላይ ላይ ነው። ባሕር ወለል ላይ የውጭው አየር 1 ባር ስለሆነ ሲደመር 1.7 ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ግን የውጭው 0.77 ገደማ ነው፤ ድምሩ 1.5 እንኳ አይሞላም። «ተበልቻለሁ!» አልኩ። ጋሼን ብጠይቃቸው እንደሚቆጡኝ ስለማውቅ ሌላ ጋራዥ፣ አንድ ቀልጣፋ ወጣት ጋ ሄድኩ። ሞላውን እስከ 0.9 አጠበቀልኝ። ግፊት ሲያልፍ ቤንዚኑን የምትቆርጠውን መከላከያም ሽቦዋን ነቀለልኝ፤ እኔው ነኝ ያልኩት። አዲስ አበባ ላይ ድምሩ ከ1.7 በታች ነው፣ ፋብሪካው ያሰበው ልክ። ሒሳቤ ትክክል ነበር። መኪናዋም ቀለበት መንገድ ላይ ወፍ ሆነች።

ግን ሞላ ሒሳብ አያውቅም፤ የትም ይሂድ 0.9 ብቻ ነው የሚያውቀው። መተሐራ አንድ ሺህ ሜትር የማይሞላ ከፍታ ላይ ናት፤ የውጭው አየር 0.9 ነው፤ ድምሩ 1.8 ሆነ። በግንቦት የመተሐራ ሜዳ አየሩ ገና በጠዋቱ ይፋጃል። ወፍራሙ አየር ሲመጣ ደግሞ ሳህኗ ስህተቷን ትታ እውነቱን መናገር ጀመረች፤ ጋሼ የቀነሱት ቤንዚን ግን እንደተቀነሰ ነው። ግፊት ጨምሮ፣ ሙቀት ጨምሮ፣ ማብረጃው ጎደለ። የሚገርመው፣ ከናዝሬት በኋላ እንደዚያ ዕለት ሄዳ አታውቅም። ከአሁን አሁን ክንፍ ታወጣለች እያልኩ፣ አክስቴን እያሰብኩ፣ እንባዬን በእጄ ጀርባ እየጠረግሁ ረገጥኳት። የጠጠሩን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት ከመቆሟ አሥር ደቂቃ በፊት ነው። መንገዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

መኪናዋን ለአንድ ማደያ ዘበኛ አደራ ሰጥቼ፣ አንድ አይሱዙ ጋቢና ላይ ተጣብቄ ድሬዳዋ ስገባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ድንኳኑ ሥር ሰዎቹ እራት እየበሉ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። ታላቅ እህቴ ብቻ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝና ሳህን አቀበለችኝ።

ዛሬ ይሄ ሁሉ የማይገባው ትውልድ መጥቷል፤ አልፈርድበትም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ በየመኪናው እየገባ፣ ኮምፒዩተሩ አዲስ አበባም ሆነ መተሐራ ራሱ ያስተካክላል። በ2024 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ ገና ካንዴላ የሚባል ነገር የማያውቅ ሾፌር እናያለን። ጋሼም አርፈዋል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ካቻቢቴ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብሎኑን ረዳታቸው ነበር የሚይዝላቸው።

በሳምንቱ መኪናዋን አስጎትቼ ጋራዣቸው ሳደርሳት ገና ጤነኛ ነበሩ። ቴስታታውን ከፍተው ሦስተኛው ፒስተን አናት ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አሳዩኝ፤ ዙሪያው እንደ ሰም ቀልጦ የረጋ። ካንዴላዋ ነጭ ሆናለች። ጫፏ ላይ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ የፒስተኑ ብናኞች ያብረቀርቃሉ። ጋሼ ካንዴላዋን ትተው ወደ ቱርቦዋ ሄዱና ሞላውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ይሄን ማን አጠበቀው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ ያስጠበቅሁት።»

«ቀብር ደረስክ?»

«አልደረስኩም።»

ሌላ ቃል አልተናገሩም። በቆርቆሮው ካለው ቤንዚን እጃቸውን ታጥበው፣ ለረዳቶቻቸው ማስተማሪያ መስኮቱ ላይ ወደ ደረደሯቸው ካንዴላዎች ሄዱ፤ ጥቁር ቡናዎቹ በአንድ በኩል፣ ማኪያቶዎቹ በመሐል። የኔዋን በመጨረሻ አቆሟት። ከሁሉም ነጯ እሷ ነበረች።